የተመረገው ምሰሶ

የቤታችን ምሰሶ ከወለል እስከ ጣሪያ በጭቃ የተመረገ ነበር። ልጅ ሳለሁ ምሰሶ ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ግድግዳ ይመረጋል፣ መደብ ይመረጋል፣ ጎተራ ይመረጋል፤ ምሰሶም ይመረጋል ብዬ ተውኩት። ትምህርት ቤት ገብቼ የሰው ቤት ማየት ስጀምር ነው ነገሩ የገባኝ። የሰው ምሰሶ ባዶ እንጨት ነው፤ ጭስ ያጠቆረው፣ የሰው ጀርባ ያለሰለሰው፣ ኩራዝ የሚንጠለጠልበት ምስማር የተመታበት። በመንዝ ምድር ምሰሶ የሚመርግ ሰው ምክንያት አለው።

በሰፈራችን ምሰሷቸው የተመረገ ቤቶች ጥቂት አልነበሩም፤ አገሩ ሁሉ ለይቶ ያውቃቸው ነበር። ለማወቅ ቤት መግባት እንኳን አያስፈልግም። የተመረገ ምሰሶ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ሲነሳ በርኖሱ ጀርባ ላይ አቧራ ይዞ ይወጣል። መንገድ ላይ ጀርባው የነጣ ሰው ከታየ ከየት እንደመጣ አይጠየቅም። ትምህርት ቤት ልጆቹ "ጀርባህን አራግፍ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አራግፍ ነበር፣ እጄ እስከደረሰበት ድረስ። በሁለቱ ትከሻዎቼ መሐል ግን አይደርስም፤ የሚስቁትም በዚያችው ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከመንደራችን በላይ ያለው ኮረብታ በደርግ ጊዜ በዘመቻ የተተከለ የፈረንጅ ጥድ ነበረበት። ስንዴና ዘይት እየተሰፈረለት አገሬው ጉድጓድ ቆፍሮ የተከለው ነው፤ አባቴም ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነበሩ። እናቴን አንቺ፣ አባቴን እርስዎ እያልን ነው ያደግነው፤ አሁን እንኳን ስጽፍ አባቴን አንተ ለማለት እጄ አይታዘዘኝም። ጥዱ አድጎ፣ ቤት የሚያቆም ግንድ ይዞ፣ ነፋሱን ከገብሳችን ላይ መመለስ ሲጀምር መንግሥት ወደቀ። አሮጌው ሄዶ አዲሱ ገና ሳይደርስ በነበረው ሰሞን ኮረብታው ባለቤት አጣ። መጀመሪያ አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ ወጣ። እሱ ሲወርድ ያዩት ሁለቱ ወጡ። ከዚያ በኋላ ያልወጣ ሰው ሞኝ የሚባልበት ሆነ፤ አባቴ ደግሞ ሞኝ መባል አይወዱም። ሰሞኑ ሲያልፍ ኮረብታው ላይ የቀረው ጉቶ ብቻ ነበር።

አዲሶቹ ሹሞች ሲረጋጉ ስብሰባ ጠሩና የመንግሥት ጥድ የተገኘበት ቤት ይፈርሳል አሉ። ምሰሶ መመረግ የተጀመረው ያኔ ነው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ አንዱ መረገ፣ ጎረቤቱ አየና መረገ። እኔን ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ባይመርጉት ማን ይለየው ነበር? ጭስ እኮ ወይራውንም፣ የሐበሻ ጥዱንም፣ የፈረንጁንም በአንድ ክረምት እኩል ያጠቁረዋል። ሰዎቻችን እንደብቃለን ብለው ራሳቸው ላይ ምልክት አደረጉ። ቤት ማፍረሱ ወሬ ሆኖ ቀረ፤ አንድ ጣሪያ እንኳን የነካ አልነበረም። ጭቃው ግን እንዳለ ቆየ፣ መፋቅ ማመን ነውና። እናቴ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ቤቱን በእበትና በጭቃ ስትለቀልቅ ምሰሶውንም አብራ ታድሰዋለች። ግድግዳውን ስትለቀልቅ ታንጎራጉራለች፤ ምሰሶው ጋ ስትደርስ ዝም ትላለች።

አንድ ዓመት ክረምቱ ጠንክሮ ጣሪያው አፈሰሰና በደረት ከፍታ ላይ ያለው ጭቃ ተገምሶ ወደቀ። ከሥሩ ነጭ ቀለም ታየ፤ ግንዱን ዙሪያውን እንደ መቀነት የከበበ። እናቴ የምትጋግረውን ትታ እጇን ጭቃ ውስጥ ከተተችና እዚያው ደፈነችው። እኔ ቆሜ አየሁ። ነጩ ምን እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም፤ ያየሁት ነገር መታየት እንደሌለበት ብቻ ገባኝ።

ከዓመታት በኋላ ኮረብታው እንደገና ተተከለ። እኛ ዘንድ ጓሳን የማያውቅ የለም፤ እዚያ ሣሩ በሥርዓት ተዘግቶ በሥርዓት ይከፈታል፣ ሰውም ይፈራዋል። ሽማግሌዎቹ ለኮረብታችንም እንደዚያ ያለ ሥርዓት እናብጅለት አሉና ሰብሳቢ ሲመርጡ አባቴን መረጡ። አባቴ ቃላቸው አጭር፣ ዓይናቸው ቀጥ ያለ፣ ፊት አይተው የማያደሉ ሰው ናቸው። ምሰሶው የተመረገ ሰው የደን አለቃ ሲሆን ማንም አልሳቀም። ምናልባት ከመራጮቹም የብዙዎቹ ጀርባ አቧራ ስለነበረበት ይሆናል።

ቅጣቱን ያመጡት ራሳቸው አባቴ ናቸው። ከደኑ የቆረጠ ሰው የቆረጠውን ተሸክሞ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ይቆማል። ከሚወጣው ሕዝብ አንዱ ቀርቦ ይቅር ይበልህ እስኪለው ድረስ ሸክሙን አያወርድም። ገንዘብ ይቀጣ ያሉም ነበሩ፤ አባቴ ግን፣ "ገንዘብ ያለው ከፍሎ ይሄዳል። ፊት ግን ሁሉም ያለው አንድ ነው" አሉ። በዚህ ተስማሙ።

መጀመሪያ የቆሙት ከእኛ ታች የሚኖሩት ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸው ዓለም ከተማ ወርደው እዚያው ቀርተዋል። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ውርጩ በበረታበት ሰሞን ከደኑ እርጥብ ቅርንጫፍ አስረው ሲወርዱ አባቴ ራሳቸው ያዟቸው። በዚያ እሑድ እኔ ደን ከምማርበት ኮሌጅ ለዕረፍት መጥቼ ነበር። እትዬ እስራቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ገመዱን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ። አባቴ ከትይዩ ዱላቸውን ተመርኩዘው ይመለከታሉ። ሕዝቡ ወጣ፣ መሬት መሬት እያየ አለፈ፤ አባቴን ፈርቶ ነው። በመጨረሻ አንዲት መነኩሲት ቀርበው ይቅር አሏቸው፣ እትዬም ሸክማቸውን አወረዱ።

ያኔ አባቴ ወደ ቤት ሊሄዱ ዞሩ። ጋቢያቸው የእሑድ ነው፣ የታጠበ ነው። ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው ግን ጠዋት ተደግፈውት የተቀመጡት የምሰሶ ጭቃ አቧራውን ትቶበታል። ደጀ ሰላሙ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ አየው። እትዬም ወገባቸውን እያቀኑ አዩት። ትንሽ ነገር ቢሉ፣ ቢስቁ፣ ቢረግሙ ይቀለኝ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። ከአባቴ ጋር ላለመሄድ ዘወርዋራውን መንገድ ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ፍለጋ ስዞር ሥራው ራሱ ወደ መንደራችን መጣ። አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ የደኑን ዕድገት ላጥና ብላ መጣች። በሰሜን፣ በረዶ በሚከመርበት አገር ተምራለች፤ ገና ሳትመረቅ አገሬው ዶክተር አላት፣ እኔም ዶክተር እላታለሁ። እዚያ ጥዱ ዳር የሌለው ነው ትለኛለች፤ ክረምቱ ግማሽ ዓመት ነው፣ ዛፉ የሚያድገው ሙቀት ባገኘባት አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ሙቀቱ በጨመረ ዓመት ይወፍራል፣ በቀነሰ ዓመት ይቀጥናል፤ በየዓመቱ ግንዱ ውስጥ የሚጨመረውን መስመር ያየ የዚያን አገር አየር ያነባል። የእኛ ብርዳም ተራራ ላይስ ዛፉን የሚያሳድገውና የሚያቀጭጨው ምንድን ነው? ብርዱ ነው፣ በልጉ ነው፣ ወይስ ክረምቱ? የመጣችው ይህን ልታውቅ ነበር።

እኔን ቀጠረችኝ። ሥራውን ወደድኩት። ጠዋት በፈረስ ኮረብታው ላይ እንወጣለን፤ የዝናብ መለኪያውን አያለሁ፣ የሌሊቱን ብርድ ከቴርሞሜትሩ አነባለሁ። ከዚያ ከዛፍ ዛፍ እየሄድኩ ግንዱን በደረት ከፍታ ላይ በሜትር አቅፌ እለካለሁ። ዛፍ ማቀፍ ነው ሥራህ እያሉ የመንደሩ ጎረምሶች ይቀልዱብኛል፣ ሚስት አግባና ተገላገል ይሉኛል። አባቴን አስፈቅደን የጣልናቸው ጥቂት ዛፎች አሉ፤ ግንዱን ለብቻ፣ ቅርንጫፉን ለብቻ፣ ቅጠሉን ለብቻ አድርቀን እንመዝናለን። ከዚህ ተነስታ ኮረብታው በሙሉ ስንት እንደሚመዝን፣ በዓመት ምን ያህል ሥጋ እንደሚለብስ ታሰላለች። ሥጋ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስነግራት ወደደችው።

እናቴ እንግዳ ቀየት ከተማ ሄዶ ሆቴል ያድራል ሲባል አልሰማም አለች። የእኔ ልጅ የሚሠራላት ሴት ገንዘብ ከፍላ ልትተኛ? ስለዚህ ዶክተሯ እኛ ቤት አደረች። የመጀመሪያው ቀን ማታ ድካሟ ጠንቶባት እግሯን ዘርግታ ምሰሶውን ተደገፈች። ስትነሳ ጥቁር ሹራቧ ከኋላ ነጥቷል። እያራገፈች ምሰሶውን ቀና ብላ አየችው።

"ምሰሶውን ለምንድን ነው የመረጋችሁት?" አለች፤ ዝም ብላ ነው፣ ለጨዋታ።

"ለምስጥ ነው" አለች እናቴ ቶሎ ብላ።

ምስጥ የቆላ ጣጣ ነው። መርሐቤቴ ቢሆን እሺ፤ እኛ ዘንድ ብርዱ እንኳን ምስጥ ሰውንም አያኖር። ዶክተሯ ዕድሜዋን ሙሉ የተማረችው እንጨትና እንጨት የሚበላውን ነው። እናቴን አየቻት፣ ምሰሶውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። "እውነት ነው፣ ምስጥ ክፉ ነው" አለችና እራቷን ቀጠለች። አባቴ አንገታቸውን አቀርቅረው ጣታቸውን ይመለከታሉ። በአባቴ አፍሬ አውቃለሁ፤ ያን ማታ ግን በእናቴ አፈርኩ፣ በቤታችንም አፈርኩ፣ ውሸታችን እንኳን ደህና ውሸት ባለመሆኑ አፈርኩ።

ሥራው ከገፋ በኋላ አንድ ችግር ገጠማት። የኮረብታው ዛፎች ልጆች ናቸው፤ ያዩት ዘመን አጭር ነው። በልግ እየከዳ ሰው የተራበባቸውን የቆዩ ዓመታት የሚያውቁት የተቆረጡት ዛፎች ነበሩ። ጉቷቸው በስብሷል፣ ተነቅሎ ነዷል። በደርግ ጊዜ የነበሩ የደን ሰዎች ከመሐላቸው የተወሰኑትን ለይተው በየዓመቱ ይለኳቸው ነበር፤ ልኬቱ አዲስ አበባ ተገኝቷል፣ ዛፎቹ ግን የሉም። "ምልክት ነበራቸው" አለችኝ አንድ ቀን ኮረብታው ላይ ዳቦ እየበላን። "በደረት ከፍታ ላይ ነጭ ቀለም ዙሪያውን ይቀቡት ነበር። ከእነሱ አንዱ የሆነ ቦታ ቤት ተሠርቶበት ቢገኝ እኮ ልኬቱንና እንጨቱን አንድ ላይ ማንበብ ይቻላል። እንደሱ ያለ ነገር በአገራችን ያገኘ ሰው የለም።"

በዓይኔ የመጣው እናቴ በጭቃ እጇ የደፈነችው ነጭ መቀነት ነው። አንዲት ቃል ብናገር የፈለገችውን ታገኛለች። አንዲት ቃል ብናገር ደግሞ ሰውን ደጀ ሰላም ላይ ያቆሙት የደን አለቃ ራሳቸው የደኑን ዛፍ፣ ያውም ቀለም የተቀባውን፣ መሐል ቤታቸው አቁመው እንደሚኖሩ በአደባባይ ይነገራል። ሰው ማወቁ ሌላ ነው፣ መነገሩ ሌላ። ጭቃው ከወደቀ የአባቴ ስም አብሮ ይወድቃል። እኔ ደግሞ የአባቴ ልጅ ነኝ፤ ዝም አልኩ።

እሷ ግን ሕዝቡን ልጠይቅ አለች። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ሲቀመጡ ተነስታ በትሕትና አስረዳች። ቤት አይፈርስም፣ ማንም አይጠየቅም፣ ምሰሶውን አንነቅልም፤ በቀጭን መሰርሰሪያ እርሳስ የምታህል ዘንግ ብቻ አውጥተን ቀዳዳውን በሰም እንደፍነዋለን አለች። ከድሮው ጥድ በቤቱ ያለው ሰው ካለ እባካችሁ አለች። ተቀምጠው ከነበሩት የግማሾቹ በርኖስ ጀርባው ነጭ ነበር፤ ከኋላቸው ስለቆምኩ አየዋለሁ። ሰብሳቢው መልስ ይስጡ ተባለና አባቴ ተነሱ።

"በዚህ መንደር የመንግሥት ጥድ የለም" አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው። "ያለፈው አልፏል።"

አባቴ ሲዋሹ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ጭቃው ነበር የሚዋሽላቸው።

"እኔ ቤት አለ" የሚል ድምፅ ከሴቶቹ በኩል መጣ። እትዬ ነበሩ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነስተዋል። "ባሌ ነው ያመጣው። አመጣ፣ አቆመ። መጥታችሁ ብሱት።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ተይ" አሉ አባቴ ቀስ ብለው።

"ምነው? ካስፈለገ ደግሞ እቆማለሁ። መቆሙን እንደሁ ለምጄዋለሁ።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አባቴ ተቀመጡ፤ ሲቀመጡ ዱላቸው ወደቀ፣ ጎንበስ ብለው ሳያነሱት ቆዩ።

ከዚያ ተነስተን እትዬ ቤት ሄድን። ምሰሷቸው ባዶ ነው፣ ጠቁሮ ያብለጨልጫል፤ ሙዳያቸውና የባላቸው አሮጌ ኮፍያ ተንጠልጥሎበታል። "እኔስ ምን ብዬ ልመርገው፤ የሞተን ሰው ሥራ ጭቃ ላለብሰው?" አሉ። ሠርሥረን ዘንጓን አወጣን። ዶክተሯ በማጉያ መነፅሯ አየችና ፊቷ ቀዘቀዘ፣ ቅር እንዳይላቸው ግን ፈገግ አለች። የእትዬ ምሰሶ የዛፍ ጫፍ ነው። ባላቸው አርፍደው ደርሰው ኖሮ ሌላው ግንዱን ወስዶ የተወውን ነው ያመጡት፤ ጫፍ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው፣ የሚያወራው የለውም።

"ግንዱ ቢገኝ ነበር" አለች ለእኔ፣ ዕቃዋን እየሰበሰበች። "ያ ነጭ ቀለም ያለው።"

እትዬ ሰሙ። ወደ እኔ ዞሩና ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው ጎንበስ ብለው እሳታቸውን መቆስቆስ ያዙ። ነጩ ቀለም የእኛ ምሰሶ ላይ እንዳለ ያውቃሉ ማለት ነው። ያን እሑድ እርጥብ ቅርንጫፍ አዝለው አባቴ ፊት ቆመው ሳሉም ያውቁ ነበር። ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም፤ ዶክተሯ መንገድ ላይ ታወራኛለች፣ እኔ እሺ እሺ እላለሁ።

ቤታችን በር ጋ ስንደርስ ከውስጥ አቧራ ይወጣል። እሳት መስሎኝ ሮጥኩ። አባቴ የእሑድ ጋቢያቸውን እንኳን ሳያወልቁ፣ በማጭድ ምሰሶውን ይፍቃሉ። የስንት ዓመት ጭቃ በድርብርቡ እየተቀረፈ ወለሉ ላይ ተቆልሏል። እናቴ መደብ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ መሐል ቀብራለች። ጭቃ ስለሸፈነው ጭስ አላገኘውም፤ እንጨቱ ትናንት የተላጠ ይመስል ፈዛዛ ቢጫ ነው። በደረት ከፍታ ላይ ብቻ ቅርፊቱ አልተላጠም፤ ነጩ መቀነት ዙሪያውን እንደተቀባ አለ።

አባቴ ማጭዱን አስቀመጡና ወደ ዶክተሯ ዞሩ። "ልጄ፣ ምስጥ አልነበረም" አሉ።

"አውቄያለሁ፣ አባባ" አለች።

"እኔው ተከልኩት፤ እኔው ቆረጥኩት። ቀለሙን አይቼ ነው የመረጥኩት፣ የተመረጠ ዛፍ ነው ብዬ።" ወደ እትዬ ቤት በአገጫቸው ጠቆሙ። "እሷ ሁለተኛ ልትቆም አይገባም። ሥራሽን ሥሪ።"

መሰርሰሪያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እንጨቱ ሲበሳ ይጮሃል፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የጥድ ሽታ ቤቱን ሞላው። ዘንጓ ስትወጣ ዶክተሯ መዳፏ ላይ አስተኝታ በማጉያው አየቻት፣ አባቴንም ጠርታ አሳየቻቸው። ሰፊው መስመር ዝናቡ የሞላበት ዓመት ነው፤ ጠባቡ በልግ የቀረበት፣ ገብሳችን ሳያሽት የደረቀበት ዓመት ነው አለቻቸው። አባቴ እያንዳንዱን ያስታውሳሉ መሰለኝ፣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ከቅርፊቱ ሥር ያለችውን የመጨረሻዋን መስመር በጥፍሯ ጫፍ ነካች።

"ይቺ አላለቀችም። የበልጉን አድጓል፣ ክረምቱን አላየም። ያኔ ነው የተቆረጠው።"

ክፉ አስባ አልተናገረችውም፤ ያየችውን ነው ያለችው። አባቴ ግን እንደተመታ ሰው መደቡ ላይ ተቀመጡ። "አንድ ደግሞ አውጪልኝ" አሏት። ለመታሰቢያ የፈለጉት መሰላትና ደስ ብሏት ሌላ አወጣችላቸው፤ የራሷን ለስላሳ በሚጠጣበት ስትሮ ውስጥ ከተተች፣ የእሳቸውን በእጃቸው ሰጠቻቸው። እኔ ዘንጓን ለምን እንደፈለጓት ጠርጥሬ ነበር። አይሆንም፣ እሳቸው አያደርጉትም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ አባቴን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው አገኛቸው። ዱላ አልያዙም። ሁለት እጃቸውን እንደሚቀበል ሰው ዘርግተው መዳፋቸው ላይ ያቺን ዘንግ አስተኝተዋታል። ያልገባው እየተጠጋ አየ፤ ሲገባው ወደኋላ አለ። ይቅር ይበልዎ ሊል የሚገባው ሰው ሁሉ እቤቱ የተመረገ ምሰሶ አለው፤ አፉን ቢከፍት ስለ ራሱም መናገሩ ነው። ነጠላው ይጣፋል፣ ጉሮሮ ይጠረጋል፣ ሰው ዳር ዳሩን ያልፋል። ከዚያች ደረቅ ስንጥር በታች የአባቴ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ግንቡ ጥግ ቆሜ ነበር። በተመረገው ምሰሶ ያፈርኩት፣ በምስጡ ያፈርኩት፣ ሁሉም ተደምሮ የዚያን ሰዓት ሀፍረቴን አያህልም፤ ምክንያቱም አሁንም ያፈርኩት በእሳቸው ነበር። ከሁላችን አንድ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ምነው ቤት በቀሩ ብዬ እየተመኘሁ ነበር።

እትዬ የወጡት በመጨረሻ ነው፤ እግራቸው ያማቸዋል። አባቴ ፊት ቆሙና መዳፋቸው ላይ ያለውን አዩ።

"ይህችን ነው የተሸከሙት?"

"ሌላው ቤቱን ይዞታል" አሉ አባቴ። "ብነቅለው ጣሪያው ይወድቃል።"

እትዬ ሳቅ የሚመስል ነገር ፊታቸው ላይ መጣና ሄደ። የአባቴ እጆች ሲንቀጠቀጡ ትንሽ ተመለከቱ።

"ከብዶዎታል" አሉ። "ይቅር ይበልዎ። ያውርዱት።"

አባቴ ለማውረድ ፈለጉ፤ ግን እንዲያ ያለችን ቀጭን ነገር የት እንደሚያወርዷት ግራ ገባቸው። መሬት አይጥሏት ነገር፣ ኪስ አይከቷት። ከግንቡ ጥግ ወጥቼ፣ በሕዝቡ መሐል አልፌ እጄን ዘረጋሁ፤ አባቴም ዘንጓን መዳፌ ላይ አኖሯት። እትዬ በዚህ መሐል ወደ አባቴ ጀርባ ዞረዋል። ጭቃው ሲፋቅ የተነሳው አቧራ ከጋቢያቸው ላይ በደንብ አልለቀቀም ኖሮ፣ በሁለቱ ትከሻዎቻቸው መሐል፣ የራሳቸው እጅ በማይደርስበት ቦታ ላይ ቀርቷል። እትዬ በመዳፋቸው ቀስ እያሉ አራገፉላቸው።